የእትዬ ከሪማ ቋንጣ

እትዬ ከሪማን የአርሲዋ ደራ ሰው ሁሉ ያውቃቸው ነበር። ከአውቶቡስ መቆሚያው ወረድ ብሎ፣ ገበያው በሚጀምርበት ጥግ፣ ከአንዲት ግራር ሥር ጆንያ አንጥፈው ቅመም ይሸጡ ነበር፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ። ረዘም ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። አርሲ ተወልደው ያደጉ ስለሆነ በአማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛው ብቅ ጥልቅ ይላል። ሲገረሙ «ያ ረቢ!» ይላሉ፤ ሲቆጡ ግን ዝም ነው የሚሉት። ባለቤታቸው ከአሰላ ወደ ናዝሬት እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ አንድ ልጃቸው ደሊል ገና ዳዴ ሲል መንገድ ላይ በአደጋ ሞቱባቸው። ከዚያ በኋላ እትዬ ከሪማ ሌላ ባል አላገቡም፤ ያቺን ግራርና ያን ልጅ ይዘው ኖሩ።

ፊደል አልቆጠሩም። ደብዳቤ ሲመጣላቸው የሚያነቡላቸው፣ መልሱንም የሚጽፉላቸው ጎረቤታቸው አቶ ገሠሠ ናቸው፤ ከሸዋ መጥተው ደራ ላይ የቀሩ የአንደኛ ደረጃ መምህር። ሁለቱን ግቢ የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። በዚያ አጥር ላይ የማይተላለፍ ነገር አልነበረም፤ እሳት፣ ወንፊት፣ ጨው፣ ወሬ፣ የታመመ ልጅ እንኳ። ሥጋ ብቻ አያልፍም። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም፤ ይህ በአገራችን የታወቀ ነው፤ በዚህም ማንም ማንንም አይቀየምም።

እትዬ ከሪማ ቋንጣ ሲዘለዝሉ ሰው ቆሞ ያያቸው ነበር። ከአንድ ብልት ሥጋ ቢላዋቸውን ሳያነሡ፣ ሥጋውን በግራ እጃቸው እያገላበጡ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን አንድ ወጥ ዝልዝል ያወጣሉ። መሐሉ ላይ ከተበጠሰ ለድስት ነው እንጂ ለገመድ አይሆንም ይላሉ። ጨውና ሚጥሚጣ፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ኮረሪማ ያሹበታል። ከዚያ በጓዳው ገመድ ላይ ሰቅለው በስስ ነጠላ ይጋርዱታል። የደራ ነፋስ ደረቅ ነው፤ ሦስት ቀን ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በመጀመሪያ ያወቅሁት ጣዕሙን ነበር፤ እሱንም ያወቅሁት በስርቆት ነው።

እኔና ደሊል ናዝሬት ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አንድ ክፍል ነበርን፤ ጓደኛሞች ግን አልነበርንም። በ1971 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሁለታችንም ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላክን፤ እሱ ለሕክምና፣ እኔ ለእርሻ መሣሪያዎች ምሕንድስና። የሄድን ዕለት ናዝሬት አውቶቡስ ተራ ሁለት እናቶች ጎን ለጎን ቆመው ያለቅሱ ነበር፤ የእኔ እናት ወይዘሮ ሸዋወርቅና እትዬ ከሪማ። ከዚያ ቀን በፊት ተያይተው አያውቁም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ዞር ብዬ ሳይ ተቃቅፈዋል። ከዚያ ወዲህ እትዬ ከሪማ ቅዳሜ ቅዳሜ በርበሬ ሊገዙ ናዝሬት ሲመጡ ቤታችን ጎራ ይሉ እንደነበር እናቴ በደብዳቤ ነገረችኝ። ውኃ ይጠጣሉ፣ «ከልጆቹ ደብዳቤ መጣ?» ይባባላሉ፣ አንዳቸው የሌላዋን ልጅ ደብዳቤ ይሰማሉ፣ ይሄዳሉ።

የተላክንበት ከተማ ካርኮቭ ይባላል። የአንድ አካባቢ ልጆች ናችሁ ተብለን በተማሪዎች ማደሪያ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተሰጠን፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሣጥን።

ብርዱን ለመድኩት። ቋንቋውንም እየተንተባተብኩ ለመድኩት። ያልለመድኩት ምግቡን ነው። ጠዋት ካሻ የሚባል ቡናማ ቅንጬ መሳይ፤ ቀትር ላይ የጎመን ሾርባና ኮትሌት፤ ማታ ደግሞ ከቀትሩ የተረፈው። ኮትሌቱ ተፈጭቶ የተድበለበለ ሥጋ ነው፤ የምን ሥጋ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፣ ማን እንዳረደውም ጠይቄ አላውቅም። ረቡዕና ዓርብ ቀሩ። ሁዳዴ መጥቶ ሄደ። እናቴ «ጾምህን እንዴት ይዘሃል?» ብላ ስትጽፍልኝ «እንደምንም» ብዬ እመልሳለሁ፤ ያን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ከንፈሬ ላይ የኮትሌት ቅባት ነበር።

ደሊል ግን ያን ሥጋ አንድ ቀን አልነካም። ድንች ይበላል፣ እንቁላል ይበላል፣ ዓሣ ከተገኘ ዓሣ። ማንንም አይሰብክም፤ ዝም ብሎ ሳህኑን ወደ ድንቹ በኩል ያስጠጋል። በዓመቱ ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ።

በ1972 መስከረም አዲስ ተማሪዎች ከአገር ቤት ሲመጡ ለደሊል አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዘውለት መጡ። ክዳኑን ሲከፍተው ክፍላችን ሌላ አገር ሆነ። የእናቱ ቋንጣ ነበር፤ በጣሳው ልክ ተቆርጦ፣ እንደ ችቦ ተደርድሮ።

በዚያው ቀን በፎቁ የጋራ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ከትፎ፣ ቲማቲም ጨምሮ፣ ቋንጣውን ሰባብሮ ጣደው። ጥቁሩን ዳቦ ፈርፍሮበት ሊበላ ነው። ሽታው ኮሪደሩን ይዞ ሄዶ የአገሬን ልጆች ሁሉ ሰበሰባቸው። ከፊት የቆመው አብተው ነበር፤ የሰላሌ ልጅ፣ ከእኛ ሁለት ዓመት ቀድሞ የመጣ፣ ተጫዋች፣ ሁላችንም ልንመስለው የምንሞክር ዓይነት ሰው።

«ኧረ ምን ሸተተኝ!» አለ አብተው በሩን ይዞ። «ይሄ ወጥ ቤት ነው ወይስ ኤምባሲያችን ወደዚህ ተዛወረ?»

«የእናቴ ቋንጣ ነው» አለ ደሊል፣ ፊቱ በደስታ አብርቶ። «ግቡ፤ ዳቦ ብቻ ይዛችሁ ግቡ።»

«እናትህ የደራዋ?»

«የደራዋ።»

አብተው አንገቱን ሰበቀና ሣቀ። «አይ እንግዲህ፣ እኔ በአፍንጫዬ ብቻ ነው የምበላው። አፍንጫዬ ሃይማኖት የለውም፤ አጥግበው።»

ሁሉም ሣቀ፤ ደሊልም ሣቀ። ነውር የለበትም፤ አባባሉ የአገር ቤት አባባል ነው፤ ወግ ጠብቆ፣ ሰውም አክብሮ።

«አንተስ ሙሌ?» አለኝ ደሊል። ስሜ ሙሉብርሃን ነው፤ ሙሌ ብሎ ሲጠራኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አብተው ያየኝ ነበር። ሌሎቹም ያዩኝ ነበር። እንደ አብተው የሚያሥቅ ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። «እኔ የእስላም ሥጋ አልበላም» አልኩ፤ ድምፄም እንደ ቀልድ አልወጣም።

ደሊል ማማሰያውን ሳያቆም «ቀትር ላይ የበላኸውን ኮትሌት ማሪያ ኢቫኖቭና ናት በስመ አብ ያለችበት?» አለኝ።

ማሪያ ኢቫኖቭና የካንቲናችን ወጥ ሠሪ ናት። የወጥ ቤቱ ሣቅ ዞሮ በእኔ ላይ ወደቀ። ጆሮዬ ጋለ። «እሱ ሌላ ነው» አልኩና ወጣሁ። ምኑ ሌላ እንደሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስብ ኖሬያለሁ፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

በኅዳር መጨረሻ ከባድ ጉንፋን ያዘኝ። ደሊል ጠዋት ወደ ትምህርት ከመውጣቱ በፊት ሻይ አፈላልኝ፤ ሎሚ ቆርጦ ራስጌዬ አኖረ፤ ብርድ ልብሱንም በብርድ ልብሴ ላይ ደረበልኝ። «ስመለስ ሾርባ አመጣልሃለሁ» ብሎ ሄደ።

አፌ ውስጥ ምንም ነገር ጣዕም አልነበረውም። ተነሥቼ ከቁም ሣጥኑ ሹራብ ላወጣ ስከፍት ከታችኛው መደርደሪያ ያ ሽታ መጣ። ጣሳው እንዲሁ በእጅ የሚከፈት ክዳን ብቻ ነው የነበረው። እትዬ ከሪማ አላሰሩትም፤ ለምን ያስሩታል?

ከፈትኩት። ናዝሬት መጣችብኝ። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ የምታቀርበው የቋንጣ ፍርፍር፣ አባቴ የሚከፍተው ሬዲዮ፣ ከባቡር ጣቢያው የሚሰማው የሊቶሪና ጥሩምባ፣ በመስኮት የሚገባው ያ ነጭ ሙቀት። «አንድ ብቻ» አልኩ። ቆሜ፣ በባዶ እግሬ፣ ጥሬውን እንደ ጫማ ጠፍር እያኘክሁ በላሁት። ዕንባዬ መጣ፤ ከሚጥሚጣው ይሁን ከሌላ አላውቅም። ከዚያ ተኛሁ፣ አላበኝ፣ በማግሥቱ ተሻለኝ።

ስታመም የበላሁትን መታመሜ ይሸፍነው። ከዳንኩ በኋላ የበላሁትንስ?

ማክሰኞና ሐሙስ ከቀትር በኋላ ደሊል የላቦራቶሪ ትምህርት አለው፤ እኔ የለኝም። ማክሰኞና ሐሙስ እኔ ሌባ ነበርኩ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት። ጣሳው የጎደለ እንዳይመስል የቀሩትን ረዣዥሞቹን አቁሜ ከዳር ከዳር እደረድራቸዋለሁ፤ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ መሐሉ ግን ጉድጓድ ነው። ስጨርስ አፌን በሳሙና እስከመታጠብ ደርሻለሁ። መስኮቱንም እከፍታለሁ።

አንድ ቀን ደሊል ሳይታሰብ ቀደም ብሎ መጣ። «በዚህ በረዶ መስኮት የምትከፍተው ምን ሆነህ ነው?» አለኝ።

«አየር ልቀይር ብዬ።»

«አየሩ ምን አደረገህ?» ብሎ ዘጋውና እጁን በማሞቂያው ላይ አደረገ። አፍንጫው የሸተተው ይመስለኝ ነበር።

እሱ ራሱ የሚበላው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። በክፍላችን ጥግ ሰግዶ ሲጨርስ አንድ ዝልዝል ያወጣል፣ ይሰባብራል፣ ከእንቁላል ጋር ይጠብሳል። ዓመቱን እንዲያደርስለት ነበር የሚቆጥበው። ሌላ ሥጋ የለውም፤ ይህን አውቃለሁ፤ እያወቅሁ ነው የበላሁት።

ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ዓርብ ደሊል ጣሳውን ከፈተ። ክዳኑን በእጁ እንደያዘ ብዙ ቆየ። እኔ አልጋዬ ላይ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር፤ ማለት መጽሐፍ ፊቴ ላይ ነበር።

«አለቀ» አለ።

«ቶሎ አለቀ» አልኩ እኔ። ይህን ያለው የራሴ አፍ ነው።

«እንግዲህ ክፍሉ ሙቅ ነው። ሥጋ በሙቀት ይቀንሳል» አለ ደሊል። ጣሳውን ወስዶ አጠበው፣ አደረቀው፣ የእርሳስና የእስክርቢቶ ማስቀመጫ አድርጎ ጠረጴዛችን ላይ አቆመው። እስክመለስ ድረስ፣ አራት ዓመት ተኩል፣ ያ ጣሳ በጻፍኩ ቁጥር ፊት ለፊቴ ነበር።

በተከታዩ መስከረም ሁለተኛ ጣሳ መጣ። ከላይ ለብቻው በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ዙሪያውን የተሰፋ ጥቅል ነበረበት። ደሊል ጥቅሉን አውጥቶ አልጋዬ ላይ አኖረው።

«ይሄ ያንተ ነው።»

«የምን የኔ?»

«አቶ ገሠሠ ናቸው ያረዱት። የዘለዘሉትም ባለቤታቸው ናቸው፤ በእነሱ ቢላዋ፣ በእነሱ ቤት። እናቴ አልነካችውም። መስፋቱን እንኳ እነሱ ናቸው የሰፉት።»

ከጥቅሉ ራቅ ብዬ ቆምኩ። «ምን ብለህ ጽፈህላቸው ነው?»

«ለምን ቶሎ አለቀ ብላ ጠየቀችኝ። ከጓደኛዬ ጋር እበላለሁ ብዬ ጻፍኩላት።» ይህን ሲል ጫማውን ይፈታ ነበር፤ ቀና አላለም።

ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተናገረም። ዓርብ ዓርብ በአንድ ምድጃ ላይ ሁለት መጥበሻ ጎን ለጎን እንጥድ ጀመር፤ የእሱ በቀኝ፣ የእኔ በግራ። ይቅርታ ልል አፌን የከፈትኩባቸው ዓርቦች ብዙ ናቸው። ሁልጊዜ «ጨው አቀብለኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ያቀብለኛል።

በ1976 ሐምሌ ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስኩ። ለደሊል ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። ስንለያይ ለእናቱ የሚሆን አበባ ያለበት የሱፍ ሻሽ ሰጠኝ። «በእጅህ ስጥልኝ፤ በሰው እንዳትልከው» አለኝ።

የተመደብኩት መልካሳ፣ የእርሻ ምርምር ጣቢያው ነው። ለማያውቅ ሰው፣ መልካሳ ከናዝሬት ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ትንሽ እልፍ ሲሉ ደራ። የደራ አውቶቡስ በመሥሪያ ቤታችን በር በቀን ስንት ጊዜ ያልፋል። ሻሹ ግን ሣጥኔ ውስጥ ሦስት ወር ተቀመጠ። በዚህ እሑድ እላለሁ፤ በሚቀጥለው እላለሁ። እሑድ ሲመጣ ልብስ አጥባለሁ።

ናዝሬት ቤት ስሄድ ደግሞ እናቴ አለች። «ያቺ የደሊል እናት ምን አድርጌያት ነው የምትሸሸኝ?» አለችኝ አንድ ቅዳሜ፣ ከገበያ ስትመለስ። «እንደ እኅት ነበርን። ይኸው ስንት ዓመቷ፣ ገበያ ውስጥ ታየኝና በሌላው ረድፍ ትዞራለች።»

«ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።»

«ምን ሥራ! ልጇ ዶክተር ሊሆንላት ነው፤ ኮርታብኝ ነው» አለች እናቴ። የተቆጣች መስላ ነው ያለችው፤ ሆዷ እንደባሰ ግን ያስታውቃል። እኔ ምክንያቱን አላወቅሁም። ትንሽ ባስብ አውቀው ነበር።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ከሰው ጋር ቆሜ ሳለሁ የደራው አውቶቡስ ቀስ አለ፤ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ ጮኸ። «ከሩሲያ የመጣው ሙሉብርሃን የሚባለው የቱ ነው?»

«እኔ ነኝ!»

«የደራዋ ከሪማ፣ ካልመጣህ እኔ ራሴ እመጣለሁ ብላሃለች! ኧረ ሂድላት፤ በየቀኑ እኔን ትጨቀጭቀኛለች!»

አብረውኝ የቆሙት ሣቁ። «የምን ዕዳ አለብህ?» አለኝ አንዱ። በዚያ እሑድ ሻሹን ይዤ ሄድኩ።

እትዬ ከሪማ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «አካም ጂርታ፣ የኔ ልጅ! ያ ረቢ፣ ምነው እንዲህ ጠፋህ? መልካሳ አጠገቤ ቁጭ ብለህ?» ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። ሻሹን ስሰጣቸው አልከፈቱትም፤ ፊታቸው ላይ አድርገው አሸተቱት። «የእሱ እጅ ነክቶታል» አሉ።

ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ። ወዲያው አቶ ገሠሠ ከአጥሩ ወዲያ ትሪ ተሸክመው መጡ፤ በላዩ ዶሮ ወጥ፣ እንጀራ፣ ሳህን፣ ብርጭቆ ሳይቀር። ሁሉም ከእሳቸው ቤት ነው። ዶሮዋ የእትዬ ከሪማ ናት፤ ያረዷት አቶ ገሠሠ ናቸው፤ የሠሯት ባለቤታቸው ናቸው።

«አይዞህ ኢንጂነር፣ ብላ» አሉኝ አቶ ገሠሠ አጠገቤ እየተቀመጡ። «በስመ አብ ብዬ ነው ያረድኳት። ዶሮዋ ራሷ ክርስቲያን ሳትሆን አትቀርም፤ እሑድ እሑድ አትጭርም ነበር።»

«ውሸታም!» አሉ እትዬ ከሪማ እየሣቁ። «ዛሬ ጠዋት እንኳ ቅመሜን ስትበትን ነበር።»

እሳቸው ፈንጠር ብለው ተቀመጡ፤ አይበሉም፤ ስበላ ግን ያዩኛል። ስለ ደሊል ጠየቁኝ፤ ከስቷል ወይስ ወፍሯል፣ ጸጉሩን ማን ይቆርጠዋል፣ ሲያመው ማን ያስታምመዋል። የምችለውን ነገርኳቸው። ረቡዕ ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው ወደ ሞስኮ እንደሚሄድና ዕቃ ሊያደርስላቸው እንደሚችልም ነገርኳቸው። ከዚያ ቀና ብለው ተቀመጡ። ይህን ሲያዩ አቶ ገሠሠ አንገታቸውን ደፉ፤ የሚመጣውን ያውቁ ነበር።

«አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ» አሉ እትዬ ከሪማ። «ከአራት ዓመት በላይ ሆነው። ያን የመጀመሪያውን ሥጋ ስሰድ ለደሊል ብቻ ብዬ ነው። ወላሂ ለእሱ ብቻ ብዬ ነው። አንተ አብረኸው እንደምትበላ አላወቅሁም። ገሠሠ ደብዳቤውን ሲያነብልኝ ነው ያወቅሁት። የሰው ልጅ፣ የክርስቲያን ልጅ፣ አገር ርቆት፣ ርቦት፣ በእኔ ሥጋ ከሃይማኖቱ ወጣ አልኩ።»

«እትዬ ከሪማ...»

«ቆይ ልጨርስ። እናትህ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ቤታቸው ገብቼ ውኃ ጠጥቻለሁ። ልጄን እንደ ልጃቸው ነው የሚጠይቁኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ሳያቸው በሌላው ረድፍ እዞራለሁ፤ ዐይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ያስጠራሁህም ለዚህ ነው። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነበር። እኔ የእሳቸውን ዶሮ በእጄ ይዤ ነበር።

ዝም ብል ይቅር ያልኳቸው ይመስላል። «ግዴለም እትዬ» ብል ያልፋል፤ ደሊል አንድ ጊዜ ሸፍኖኛል፣ ሽፋኑም አልተቀደደም። ግን እኚያ ሴት የእኔን ነውር እንደራሳቸው ተሸክመው፣ በገበያ መሐል አንገታቸውን ደፍተው አራት ዓመት ዞረዋል።

«ደሊል አልሰጠኝም» አልኩ።

«ምን?»

«ሊሰጠኝ ጠርቶኝ ነበር። በሰው ፊት የእስላም ሥጋ አልበላም ብዬ አሳፈርኩት። ከዚያ እሱ ሲወጣ እየጠበቅሁ ከጣሳው ሰርቄ በላሁ። አብረን እንበላለን ብሎ የጻፈው እኔን ሊሸፍነኝ ነው።»

አቶ ገሠሠ ጉርሻቸውን በአየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ከውጭ አንዲት ሴት ፍየሎቿን ስትጠራ ይሰማል።

«ምን ያህል በላህ?» አሉ እትዬ ከሪማ።

«እስኪያልቅ።»

«እስኪያልቅ?»

«እስኪያልቅ።»

ስድብ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደ ሻሹ እያዩ፣ በጣም በቀስታ፣ «ታዲያ ልጄ ምን በላ?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስንት ዓመት ስለራሴ ሳፍር ኖሬ፣ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ለራሴ አልጠየቅሁም። «ድንች» አልኩ። «እንቁላልም አንዳንድ ጊዜ።»

«ድንች» አሉ። ተነሡ። ወደ ጓዳ ገቡ።

ከጓዳው ምንም ድምፅ አልመጣም። ትሪው ፊቴ ላይ ነው። አቶ ገሠሠ ጉርሻቸውን ወደ ትሪው መለሱና «በል ብላ» አሉኝ።

«አልችልም ጋሼ።»

«ትችላለህ። ይህች ሴት ትናንት ማታ ጀምራ ዶሮዋን ያዝ እረድ እያለች መከራዬን ስታበላኝ ነው ያደረችው። አሁን ወጥታ ትሪው እንዳለ ስታይ ደግሞ ምን እንድትል ነው የምትፈልገው? ብላ!»

በላሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ እህል የለም፤ በውኃ እያወረድኩ በላሁ።

እትዬ ከሪማ ሲመለሱ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳና ሲባጎ ይዘው ነበር። ዐይናቸው ቀልቷል። ተቀመጡና «ጣፈጠህ?» አሉኝ።

«እጅግ። እጃቸው ይባረክ።»

«ዶሮውን አይደለም።»

አቶ ገሠሠ ሳል ያዛቸው። ቀና ብዬ እትዬ ከሪማን አየኋቸው፤ የምራቸውን ነው የጠየቁኝ። «አዎ» አልኩ። «ከቤቴ ከወጣሁ እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ባለሙያ ነው የነቀነቁት፣ ሥራዋን እንደምታውቅ ሴት። ከዚያ ጣሳውን እግራቸው መካከል አቆሙት። «ይህን ረቡዕ ለሚሄደው ሰውህ ስጥልኝ።»

ከዚያ በፊት የመጡት ጣሳዎች ሁሉ ክዳን ብቻ ነበራቸው። አሁን ሲባጎውን አንድ ጊዜ በቁመቱ አዞሩት፣ አንድ ጊዜ በወርዱ። ቋጠሩት። ሳቡና ደግሞ ቋጠሩት። ሦስተኛ ቋጠሮ ሲያክሉበት አቶ ገሠሠ የጣሪያውን ቆርቆሮ ማየት ጀመሩ።

«መንገዱ ስለሚንጥ ነው» አሉ እትዬ ከሪማ ሳያዩኝ።

«ያጥብቁት እትዬ» አልኩ። «አንድ ይጨምሩበት።»

ጨመሩበት።

በሩ ላይ ሲሸኙኝ ጣሳውን በሁለት እጄ አስያዙኝ። «እናትህን የምትነግራቸው አንተ ነህ» አሉ። «እኔ በዚህ አፌን አልከፍትም። ከነገርካቸው ቅዳሜ ቤታቸው እገባለሁ። ካልነገርካቸው በሌላው ረድፍ መዞሬ አይቀርም፤ ለምጄዋለሁ።»

«ዛሬ እነግራታለሁ።»

«ኢንሻላህ» አሉ። አልሳሙኝም፤ ትከሻዬን ግን ነካ አደረጉኝ።

የከሰዓት በኋላው አውቶቡስ ሰው ሞልቶታል። ጣሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ሲባጎው ክዳኑን አጥብቆ ይዞታል፤ ሽታውን ግን ምንም አይዘውም። ገና ከደራ ሳንርቅ ሰው አንገቱን ማዞር ጀመረ።

«ማነው ቋንጣ የጫነው?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «በባዶ ሆዳችን ምነው!»

አጠገቤ የተቀመጠው ባርኔጣ ያደረገ ሰው በክርኑ ነካ አደረገኝ። «ኧረ በእናትህ፣ ናዝሬት ሳንደርስ አንድ አንድ አቅምሰን።»

«የሰው ነው» አልኩት።

«አንድ ብትጎድል ማን ያውቃል?»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጣሳውን አየ፤ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካካቸውና ከት ብሎ ሣቀ። «እንዴ! ይሄንን ያሰረው ሰውማ ሌባውን ያውቀዋል!»

«አዎ» አልኩት። «ያውቁታል።»

ረዳቱ «መልካሳ! መልካሳ ወራጅ!» እያለ ጎኑን ደበደበ። መልካሳ ማደሪያዬ ነው፤ አልጋዬም እዚያው ነው። አልወረድኩም። ጣሳውን እንደታቀፍኩ ወደ እናቴ ቤት አለፍኩ።